ሲናመን ሮል በቤት ውስጥ፦ ጀማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ሲናመን ሮል (ቀረፋ ተቀብቶ የሚጠቀለል ጣፋጭ ዳቦ) ከተራ ዳቦ የሚከብደው ያለ ምክንያት አይደለም። ሊጡ ቅቤ፣ ስኳርና እንቁላል ስለሚገባበት ቀስ ብሎ ነው ኩፍ የሚለው፤ እጅ ላይም ይለጠፋል። ጀማሪ ሲለጠፍበት ዱቄት ይነሰንሳል፣ ሲዘገይበት ደግሞ ቸኩሎ ኦቭን ውስጥ ይከታል። ከታች ከሚነሡት ችግሮች አብዛኞቹ የሚመጡት ከእነዚህ ከሁለቱ ነው።

ለ12 ጥቅል የሚያስፈልገው መጠን ስንት ነው?

ለሊጡ 500 ግራም ነጭ የስንዴ ዱቄት፣ 260 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ወተት፣ 1 ትልቅ እንቁላል፣ 70 ግራም ስኳር፣ 75 ግራም የለሰለሰ ጨው አልባ የገበታ ቅቤ፣ 7 ግራም ፈጣን ደረቅ እርሾና 8 ግራም ጨው።

በውስጡ ለሚቀባው መሙያ 90 ግራም የለሰለሰ ቅቤ፣ 150 ግራም ቡናማ ስኳር፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዱቄትና አንድ ቁንጥር ጨው።

ትሪው 23 በ33 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከዚህ የሰፋ ከሆነ ጥቅሎቹ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ይዘረጋሉ፣ ዳር ዳራቸውም ይደርቃል። ከዚህ በታች ያለው መልስ ሁሉ የተሰጠው በዚህ መጠን ነው።

ሚዛን ከሌለኝ በኩባያ ብሰፍር ምን ችግር አለው?

ችግሩ ዱቄቱ ላይ ነው። ኩባያውን ዱቄት ውስጥ ነክሮ ያወጣ ሰው 150 ግራም ያህል ሊይዝ ይችላል፤ በማንኪያ ላላ አድርጎ የሞላ ደግሞ 120 ግራም ገደማ። በአራት ኩባያ ልዩነቱ ከ100 ግራም ያልፋል፤ ይህም ሊጡን ደረቅና ክብድ ያለ ለማድረግ ከበቂ በላይ ነው። የግድ በኩባያ ከሆነ ዱቄቱን በሹካ አፍታተው በማንኪያ እየጨለፉ ይሙሉና አፉን በቢላዋ ጀርባ ያስተካክሉ። 4 ኩባያ ይስፈሩ፤ ግን የመጨረሻውን ሩብ ኩባያ ለብቻው ያቆዩትና ሊጡ የጠየቀ እንደሆነ ብቻ ይጨምሩት። ስኳርና ቀረፋ በኩባያና በማንኪያ ቢሰፈሩ ግድ የለም።

እርሾው ሕያው መሆኑን በምን አውቃለሁ? ዓይነቱስ ለውጥ ያመጣል?

ፈጣን ደረቅ እርሾ በቀጥታ ከዱቄቱ ጋር ይቀላቀላል። ተራው ደረቅ እርሾ ግን በመጀመሪያ ከለብ ያለ ወተትና ከአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ጋር ተደባልቆ 10 ደቂቃ መቆየት አለበት፤ መጠኑም ትንሽ ከፍ ብሎ ከ8 እስከ 9 ግራም ይሆናል። እርጥቡ የጡብ ቅርጽ ያለው እርሾ ከሆነ 20 ግራም ያህል ይበቃል።

የተከፈተ ፓኬት ብዙ ከቆየ ሙሉውን ዱቄት ከማባከን በፊት ይፈትኑት። ግማሽ ኩባያ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳርና አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ ይጨምሩ። በ10 ደቂቃ ውስጥ አናቱ ላይ ወፍራም አረፋ ካልያዘ ሞቷል፤ በትዕግሥት አይነሣም።

እርሾን በብዛት የሚገድለው ግን እርጅና ሳይሆን የወተቱ ትኩሳት ነው። ተስማሚው ከ37 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ወደ 55 እና 60 ዲግሪ ሲጠጋ እርሾው ይሞታል። ቴርሞሜትር ከሌለ አንድ ጠብታ የእጅ አንጓ ላይ በውስጥ በኩል ያንጠባጥቡ፤ ትኩስም ቀዝቃዛም ካልመሰለ ልክ ነው። ከተጠራጠሩ ወደ ቀዝቃዛው ያድሉ። ቀዝቃዛ ወተት ሊጡን ያዘገየዋል እንጂ አያበላሸውም።

ሊጡ እጄ ላይ እየተለጠፈ አስቸገረኝ፤ ዱቄት ልጨምር?

አይጨምሩ፤ ቢያንስ አሁን አይደለም። የዚህ ሊጥ ተፈጥሮው መለጠፍ ነው። ዱቄቱ ፈሳሹን ለመምጠጥ፣ ግሉተኑም (ሊጡን የሚያያይዘው የዱቄቱ ፕሮቲን) ለመያያዝ ጊዜ ይፈልጋሉ። በሦስተኛው ደቂቃ ላይ ገንፎ የመሰለው በአሥረኛው ደቂቃ ላይ ልስልስ ብሎ ከሳህኑ ይላቀቃል። በሦስተኛው ደቂቃ ዱቄት የጨመረ ሰው ግን ውጤቱን የሚያየው ሲጋገር ነው፤ ያኔ ጥቅሉ ደረቅ ይሆናል፣ በነጋታው ደግሞ ድንጋይ።

ቅደም ተከተሉ ይረዳል። ወተቱን፣ እንቁላሉን፣ ስኳሩን፣ እርሾውንና ዱቄቱን ደረቅ ዱቄት እስኪጠፋ ብቻ ያደባልቁና ሸፍነው 20 ደቂቃ ያሳርፉት። በዚህ ዕረፍት ማንም ሳያሸው ግማሹ ሥራ ይሠራል። ከዚያ ጨው ጨምረው 5 ደቂቃ ያሹት። ቅቤው የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው፤ በትንሽ በትንሹ፣ የቀደመው ሲጠፋ ቀጣዩን እየጨመሩ። ቅቤው መጀመሪያውኑ ከገባ ስቡ ዱቄቱን ሸፍኖ ግሉተኑ እንዳይያያዝ ያደርጋል።

ቅቤው ሲገባ ሊጡ ይበጣጠሳል፣ ይንሸራተታል፣ የተበላሸ ይመስላል። አብዛኛው ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው፤ ማሸቱን ከቀጠሉ መልሶ ይያያዛል። በማቡኪያ ማሽን በመካከለኛ ፍጥነት ከ8 እስከ 10 ደቂቃ፣ በእጅ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይወስዳል። በእጅ የሚያሹ ከሆነ ጠረጴዛው ላይ ዱቄት ከመነስነስ ይልቅ እጅዎን ዘይት ያስነኩ፤ የተለጠፈውንም በሊጥ መፋቂያ ወይም በጠፍጣፋ ማንኪያ እየሰበሰቡ ይመልሱ።

መድረሱን ለማወቅ ከሊጡ ትንሽ ቆርሰው በጣቶችዎ በቀስታ ይወጥሩት። ሳይቀደድ ብርሃን እስኪያሳልፍ ከሳሳ ደርሷል። ቶሎ ከተቀደደ 3 ደቂቃ ይጨምሩ። ይህን ሁሉ አድርገው አሁንም ቅርጽ መያዝ አቅቶት ከፈሰሰ ያን ጊዜ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ይጨምሩና አንድ ደቂቃ አሽተው ይመልከቱት። ከሦስት ማንኪያ በላይ ካስፈለገ የሰፈሩት ነገር ተሳስቷል።

አንድ ሰዓት ተኩል ሆነው፤ ለምን ኩፍ አላለም?

በሞቃት ቤት፣ ማለትም ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ባለው ውስጥ፣ ይህ ሊጥ እጥፍ ለመሆን ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስድበታል። ቤቱ 19 ዲግሪ ከሆነ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢቆይ አይገርምም። ስኳሩ ከእርሾው ላይ ውኃ ስለሚሻማ፣ ቅቤውም ሊጡን ስለሚያከብደው ከተራ ዳቦ ጋር አይወዳደርም። የጠፋ ኦቭን ውስጥ አንድ ሳህን የፈላ ውኃ ከታች አስቀምጠው ሊጡን ከላይ ቢያኖሩት ሙቀትም እርጥበትም ያገኛል። የበራ ኦቭን ወይም ማሞቂያ ላይ ማስቀመጥ ግን ቅቤውን አቅልጦ ያወጣዋል፤ ሊጡም ዘይት ይለብሳል።

በቂ መሆኑን ሰዓት አይነግርዎትም። ዱቄት የነካ ጣት ሊጡ ውስጥ ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ያስገቡና ያውጡ። ጉድጓዱ ወዲያው ከሞላ ይቀረዋል። ቀስ ብሎ ግማሽ ያህል ከተመለሰ ደርሷል። ምንም ካልተመለሰና ሊጡ ከተነፈሰ አልፏል።

ሌላ ምክንያትም አለ፤ ቀረፋው ሊጡ ውስጥ ከተደባለቀ። ቀረፋን መዓዛ የሚሰጠው ሲናማልዲሃይድ የተባለው ውሕድ የእርሾን ሥራ ይገታል። ለዚህ ነው ቀረፋው በውስጥ የሚቀባ እንጂ ከዱቄቱ ጋር የማይቦካው።

ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚጋግሩ ሰዎች የሚገጥማቸው ተቃራኒው ነው። የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ጋዙ በቶሎ ይለጠጣል፤ ሊጡም ጣዕም ሳያዳብር ይነፋል። እርሾውን በሩብ ቀንሰው 5 ግራም ያድርጉት፤ ዱቄቱም እዚያ ደረቅ ስለሚሆን አንድ ሁለት ማንኪያ ወተት ይጨምሩ።

ስዳምጠው ተመልሶ ይኮማተራል።

ግሉተኑ ተወጥሯል። ሸፍነው 10 ደቂቃ ይተዉትና ይመለሱ። በጉልበት ቢጎትቱት ተቀድዶ መሃሉ ስስ፣ ዳሩ ወፍራም ይሆናል። ግብዎ 45 በ35 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ነው፤ ውፍረቱ ወደ 6 ሚሊ ሜትር። መዳመጫውን ከመሃል ወደ ዳር ይግፉ፣ ማዕዘኖቹንም በእጅ እየሳቡ ያቅኑ። ማዕዘኑ ክብ ከሆነ ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ ጥቅሎች ቀረፋ የሌላቸው ቁርጥራጮች ይሆናሉ።

መሙያው ፈስሶ ትሪው ላይ ተቃጠለ። ለምን?

ብዙውን ጊዜ ቅቤው ቀልጦ ስለተቀባ ነው። ቀልጦ የተቀባ ቅቤ ገና ሲጠቀለል ይሸሻል፤ ስኳሩንም ይዞት ይሄዳል። ቅቤው በጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ፣ ግን የማያንጸባርቅ መሆን አለበት። ከስኳሩ፣ ከቀረፋውና ከአንዱ ማንኪያ ዱቄት ጋር አንድ ላይ መትተው ወፍራም ቅባት ያድርጉትና በአንድ ጊዜ ይቀቡት። ቅቤ ለብቻ ተቀብቶ ስኳር ከላይ ሲነሰነስ ስኳሩ ሲጠቀለል ይራገፋል፣ ሲቆረጥም ይፈሳል።

ያቺ አንድ ማንኪያ ዱቄት ትንሽ ብትመስልም ሥራዋ ትልቅ ነው። ስኳር ከሊጡ ውኃ እየሳበ ሽሮፕ ይሆናል፤ ዱቄቱ ያንን ሽሮፕ ሲጋገር ያወፍረዋል። የበቆሎ ስታርችም ይሠራል። በዚሁ ምክንያት ቀብቶ ማቆየት አይገባም፤ እንደተቀባ ይጠቅልሉ።

መጨረሻ ላይ ከሚዘጋው ረጅሙ ጠርዝ 2 ሳንቲ ሜትር ሳይቀቡ ይተዉ። ስብ የነካ ሊጥ ከሊጥ ጋር አይያያዝም። ያን ጠርዝ በውኃ እርጥብ ባለ ጣት ነክተው ቆንጥጠው ይዝጉ፤ ጥቅሉንም ስፌቱ ወደ ታች እንዲሆን አዙረው ያስቀምጡ።

እንዲህም ሆኖ ጥቂት መፍሰሱ አይቀርም፤ ከታች የሚይዘው የካራሜል ሽፋን እንዲያውም የብዙ ሰው ተወዳጅ ነው። የመጋገሪያ ወረቀት ያንጥፉ። ትሪውን ከኦቭን ካወጡ በኋላ ከ10 ደቂቃ በላይ ሳይቆዩ ጥቅሎቹን ያላቅቁ፤ ስኳሩ ከቀዘቀዘ ይደርቅና ከታች ይቀድዳቸዋል። ትሪው ላይ የደረቀውን በብረት አይፋቁት፤ የፈላ ውኃ ሞልተው ሲተዉት ራሱ ይሟሟል።

የትኛው ቀረፋ ይሻላል?

የካሲያ ቀረፋ ጠንካራና ትንሽ የሚያቃጥል ነው፤ የሲሎን ቀረፋ ለዘብ ያለና ጣፋጭ። ለዚህ ሥራ ካሲያ ይመረጣል፤ በስኳርና በቅቤ ውስጥ የማይጠፋው እሱ ነው። ከዓይነቱ በላይ ግን ትኩስነቱ ይወስናል። ዕቃውን ሲከፍቱ አፍንጫ ላይ ካልመጣ ሲጋገርም አይመጣም።

በቢላዋ ስቆርጠው ይጨፈለቃል።

ቢላዋ ከላይ ይጫናል። ክር ግን ከሁሉም ጎን እኩል ይቆርጣል፤ ቅመም የሌለው የጥርስ ክር ወይም ጠንካራ የጥጥ ክር ይጠቀሙ። ክሩን ከጥቅሉ ሥር አሳልፈው ሁለቱን ጫፎች አናቱ ላይ አቆላልፈው ይሳቡ። ከመቁረጥ በፊት በቢላዋ ጫፍ 12 ምልክት ያድርጉ፤ 45 ሳንቲ ሜትሩ ለ12 ሲካፈል አንዱ ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። ሊጡ በጣም ከለሰለሰ 15 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ያኑሩት። በክር የተቆረጠውም ቢሆን ትንሽ ሞላላ ሊሆን ይችላል፤ ትሪው ላይ ሲያስቀምጡ በሁለት እጅ ክብ ያድርጉት።

ሲጋገር መሃሉ እንደ ማማ ተነሥቶ ወጣ።

በጣም ጠብቆ ተጠቅልሏል። ሊጡ ሲነፋ ወደ ጎን ቦታ ስላጣ ያለው መውጫ ወደ ላይ ብቻ ነው። ሲጠቀልሉ ክፍተት አይተዉ፤ ግን አይጎትቱትም። ሁለተኛው ማሳረፊያ፣ ማለትም ተቆርጦ ትሪው ላይ ከተደረደረ በኋላ ያለው፣ በቂ ካልሆነም ይኸው ይከሰታል፤ ያላረፈ ሊጥ ቀሪውን ጉልበት ኦቭን ውስጥ በአንዴ ያወጣል። የእያንዳንዱን ጥቅል ጭራ ከሥሩ መወሸቅም እንዳይፈታ ይረዳል። መሃሉ ከተነሣ ገና ትኩስ እያለ በማንኪያ ጀርባ ቀስ ብለው ይጫኑት፤ አናቱ ላይ ከሚቀባው ክሬም በታች ማንም አያየውም።

ሁለተኛው ማሳረፊያ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ነው። ሲቀመጡ በመካከላቸው 1 ወይም 2 ሳንቲ ሜትር የነበረው ክፍተት ጠፍቶ እርስ በርስ ሲነካኩ ወደ ኦቭን ያስገቧቸው።

ላዩ ጠቆረ፣ መሃሉ ግን ጥሬ ነው።

ሙቀቱ በዝቷል፤ ወይም ትሪው ወደ ላይ ቀርቧል። ኦቭኑን 175 ዲግሪ ላይ ለ20 ደቂቃ ቀድመው ያሙቁ፣ ትሪውን መካከለኛው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡ፣ ከ22 እስከ 28 ደቂቃ ይጋግሩ። ማራገቢያ ያለው ኦቭን ከሆነ በ20 ዲግሪ ይቀንሱ። ኦቭኖች ከሚያሳዩት ቁጥር በ10 እና በ15 ዲግሪ መለየታቸው የተለመደ ነውና ውስጥ የሚቀመጥ ርካሽ ቴርሞሜትር ብዙ ሊጥ ያድናል። የመስታወት ትሪ ሙቀት የሚቀበለው ዘግይቶ ነው፤ በዚያ ላይ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ይጨምሩ።

በ15ኛው ደቂቃ ላይ ላዩ ወርቃማ ከሆነ ፎይል ላላ አድርገው ይሸፍኑ። መብሰሉን የሚፈትኑት ዳር ካለው ሳይሆን ከትሪው መሃል ካለው ጥቅል ነው፤ ቴርሞሜትር ሲወጉት 88 ወይም 90 ዲግሪ ማሳየት አለበት። ቴርሞሜትር ከሌለ የመሃሉን ጥቅል በሹካ ትንሽ ከፈት አድርገው ይዩ፤ እርጥብ ክር የመሰለ ሊጥ ካለ 4 ደቂቃ ይጨምሩ።

በነጋታው ደረቀ። እንደ ተሸጠው ለስላሳ የማይሆነው ለምንድን ነው?

በመጀመሪያ የዱቄቱን መብዛት ይጠርጥሩ፣ ቀጥሎ የመጋገሪያውን ጊዜ መርዘም። ሁለቱም ልክ ከሆኑና አሁንም ለስላሳ ካስፈለገ ሁለት መንገድ አለ።

አንዱ ዱቄቱን በከፊል ማብሰል ነው። ከ500 ግራሙ ዱቄት 25 ግራም፣ ከወተቱም 125 ሚሊ ሊትር ወስደው በትንሽ ድስት እያማሰሉ እስኪወፍር ያብስሉ፤ 65 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ስታርቹ ውኃ ይዞ ይረጋል። ለብ እስኪል አቀዝቅዘው ከተቀረው ጋር ያቡኩት። የተነነውን ለመተካት 2 የሾርባ ማንኪያ ወተት ይጨምሩ። እንዲህ የተሠራ ጥቅል ለሁለት ለሦስት ቀን ልስልስ ብሎ ይቆያል።

ሌላው ቀላሉ ነው፦ ከመጋገሩ በፊት 120 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ የወተት ክሬም በጥቅሎቹ ላይና በመካከላቸው ማፍሰስ። ሥሩ እርጥብ፣ ላዩ ወርቃማ ይሆናል። የመጋገሪያው ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ይረዝማል።

ማታ አዘጋጅቼ ጠዋት መጋገር እችላለሁ?

ይቻላል፤ ጣዕሙም ይሻላል። ተቆርጦ ትሪው ላይ ከተደረደረ በኋላ በላስቲክ አጥብቀው ሸፍነው ፍሪጅ ውስጥ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ያቆዩት። ጠዋት አውጥተው ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከፍሪጅ በቀጥታ ኦቭን ውስጥ የገባ ዳሩ ሲበስል መሃሉ ገና ይቀዘቅዛል። የመስታወት ትሪ ደግሞ በድንገተኛ ሙቀት ሊሰነጠቅ ይችላል።

አናቱ ላይ የሚቀባው ክሬም ቀልጦ ውኃ ሆነ።

ጥቅሉ ገና ትኩስ ነበር፤ ወይም ክሬሙ ቀድሞውኑ ቀጥኗል። 55 ግራም የለሰለሰ ቅቤና 115 ግራም የለሰለሰ ክሪም ቺዝ (የሚቀባ ለስላሳ አይብ) አንድ ላይ ልስልስ እስኪሉ ይምቱ፤ ከዚያ 120 ግራም የተነፋ የስኳር ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቫኒላና ቁንጥር ጨው ይጨምሩ። ቀዝቃዛ ክሪም ቺዝ ይጓጉላል፤ ስኳር ከገባ በኋላ ያንን ጉጉል ማጥፋት ከባድ ነው፣ ብዙ በመቱት ቁጥርም ይቀጥናል። ከኦቭን ከወጣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ግማሹን ቀብተው ወደ ውስጥ እንዲሰርግ ይተዉት፤ ቀሪውን ለብ ሲል።

ክሪም ቺዝ ከሌለ 120 ግራም የስኳር ዱቄት በአንድ የሾርባ ማንኪያ ተኩል ወተት ይበጥብጡ። ወተቱን በጠብታ ይጨምሩ፤ ግማሽ ማንኪያ ትርፍ ወተት ያቀጥነዋል።

ያለ እንቁላልና ያለ ወተት ይሠራል?

አዎ። በእንቁላሉ ፈንታ 45 ሚሊ ሊትር ተጨማሪ ፈሳሽ፣ በወተቱ ፈንታ የአኩሪ አተር ወይም የአጃ ወተት፣ ለሊጡ ቅቤም 60 ግራም ዘይት። ለመሙያው ግን ዘይት አይሆንም፤ ይፈሳል። የማርጋሪን ጡብ ይጠቀሙ።

የተረፈውን እንዴት ላቆየው?

ክሬም ያልተቀባው በደንብ ተሸፍኖ ከፍሪጅ ውጪ ሁለት ቀን ይቆያል። ፍሪጅ ስታርቹን በፍጥነት ስለሚያጠነክረው ዳቦን ያስረጃል፤ ክሪም ቺዝ የተቀባው ግን የግድ ፍሪጅ መግባት አለበት። ሲበላ ማይክሮዌቭ ውስጥ 15 ወይም 20 ሰከንድ ይበቃዋል። ክሬም ሳይቀባ አንድ በአንድ ተጠቅልሎ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ወር ይቆያል።

ሊጡ ተበላሽቷል፤ ልጣለው?

አብዛኛው ይድናል። ጨው ከተረሳ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ውኃ ጋር በጥብጠው መልሰው ያሹበት። እርሾ ከተረሳ ወይም ከሞተ 7 ግራም አዲስ እርሾ በ2 የሾርባ ማንኪያ ለብ ያለ ወተት ይበጥብጡና ከሊጡ ጋር ያሹት፤ መጀመሪያ ይንሸራተታል፣ በ5 ደቂቃ ይያያዛል። በማረፊያው ላይ ብዙ ቆይቶ የተነፈሰ ሊጥ ገና ካልተቀባ ጋዙን ደምስሰው ለሁለተኛ ጊዜ ያሳርፉት፤ በአጠረ ጊዜ ይነሣል። ተቀብቶ፣ ተቆርጦ፣ ቅርጹ ከጠፋ ደግሞ ማስተካከሉን ይተዉና ሁሉንም በመቀስ በጉርሻ በጉርሻ ቆራርጠው ቅቤ በተቀባ ጠባብ የዳቦ ትሪ ውስጥ ይከምሩት። ግማሽ ሰዓት አሳርፈው በ175 ዲግሪ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ይጋግሩ፤ በእጅ እየተቆረሰ የሚበላ የቀረፋ ዳቦ ይወጣዋል።